የጎማ ናፍታ፦ ሞተሩ ይነሳል፣ ሳንባችንስ?

 

አሮጌ ጎማን ወደ ናፍታ ስለመቀየር የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ስልካችሁ ላይ ሳይመጡባችሁ አይቀሩም። አንድ ሰው ጎማ ቆራርጦ በርሜል ውስጥ ይከታል፣ በርሜሉን ይደፍነዋል፣ ከሥሩ እሳት ያነዳል። ከላይ የወጣው ቧንቧ ውሃ ውስጥ አልፎ ሲቀዘቅዝ ከጫፉ ጥቁር ዘይት መንጠባጠብ ይጀምራል። ዘይቱ ይጣራና ናፍታ ሞተር ላይ ይጨመራል። ሞተሩ ተነሳ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ቪዲዮው አለቀ።

ናፍታ በተወደደበትና ማደያ ላይ ሰልፍ በሚያሰለች ጊዜ ይሄን አይቶ "እኔስ ለምን አልሞክረውም?" የማይል የመኪና ወይም የጄኔሬተር ባለቤት የለም። ስለዚህ "ዶክተር፣ ይሄ ነገር ለጤና እንዴት ነው?" ብላችሁ መጠየቃችሁ በጣም ልክ ነው።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ አዎ፣ ናፍታ ሞተር በጎማ ዘይት ይሠራል። ግን ሞተሩ መነሳቱ ዘይቱ መቃጠሉን ብቻ ነው የሚነግረን። ሲቃጠል ምን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚተነፍሰው፣ የማን እጅ እንደሚነካው አይነግረንም። በጀሪካን የምታተርፉት ብር ከሰው አካል ላይ ነው የሚቀነሰው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ያ ሰው ከትርፉ የማይካፈለው መካኒክ፣ ጎረቤት ወይም ሕፃን ነው።

ረዘም ያለውን መልስ ደግሞ አብረን እንየው። ሰከን ብላችሁ አንብቡት፤ መጨረሻ አካባቢ ያለው የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል ደግሞ እንዳያመልጣችሁ።

ጎማ ውስጥ ምን አለ?

ጎማ ከዛፍ የሚገኝ ላስቲክ ብቻ አይደለም። የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ ላስቲክ፣ ጥቁር ቀለሙንና ጥንካሬውን የሚሰጠው የካርቦን ዱቄት፣ የብረት ሽቦ፣ ክር፣ ዘይት፣ ዚንክ ኦክሳይድ እና ሰልፈር አለበት። ሰልፈር (ድኝ) የላስቲኩን ሞለኪውሎች እርስ በርስ አስሮ ጎማው እንዳይቀልጥና ተለጥጦ እንዳይቀር ያደርጋል። መጠኑ ከጎማው ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ አካባቢ ነው። ትንሽ ይመስላል፣ አይደል? ይሄን ቁጥር ያዙት፤ እንመለስበታለን።

ጎማን ኦክስጅን በሌለበት ዕቃ ውስጥ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስታሞቁት አይነድም፤ ይሰባበራል። ይሄ ሂደት ፓይሮሊሲስ ይባላል። ከጎማው ክብደት ውስጥ ከ40 እስከ 50 በመቶው ዘይት፣ ሲሶ የሚሆነው ጥቁር ዱቄት፣ የቀረው ደግሞ ጋዝና የብረት ሽቦ ሆኖ ይወጣል። ዘይቱ በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት ከናፍታ ብዙም አያንስም። ሞተሩን የሚያስነሳውም ይሄ ነው።

ታዲያ ከናፍታ በምን ይለያል?

ሦስት ነገር ላይ እናተኩር።

1ኛ) ሰልፈሩ ብዙ ነው። ጥሬ የጎማ ዘይት ውስጥ 1 በመቶ አካባቢ ሰልፈር ይገኛል። ይሄ ማለት በሚሊዮን 10,000 እጅ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለመኪና የሚሸጥ ናፍታ የተፈቀደለት ከፍተኛው መጠን ደግሞ በሚሊዮን 10 ነው። ልዩነቱ 1,000 እጥፍ!

2ኛ) አሮማቲክ የሚባሉት ኬሚካሎች በብዛት አሉበት። ቤንዚን የሚባለው ኬሚካል (ማደያ የምንቀዳው ቤንዚን ሳይሆን በተመሳሳይ ስም የሚጠራ ነጠላ ኬሚካል)፣ ቶሉይን፣ እንዲሁም በአጭሩ ፒኤኤች የሚባሉት ትላልቅ ሞለኪውሎች ማለቴ ነው። አሮማቲክ የበዛበት ነዳጅ ሞተር ውስጥ ቶሎ አይቀጣጠልም፣ ሙሉ በሙሉም አይነድም። ስለዚህ ጥላሸቱ ይበዛል።

3ኛ) ቶሎ እሳት ይይዛል። የናፍታ እንፋሎት በብልጭታ እሳት እንዲይዝ ናፍታው ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ጥሬ የጎማ ዘይት ግን ቀላል የሆነው፣ እንደ መኪና ቤንዚን ያለው ክፍል ስላልተለየለት ከ40 ዲግሪ በታች፣ አንዳንዴም በክፍል ሙቀት እሳት ሊይዝ ይችላል። "ናፍታ እኮ ክብሪት ቢጣልበትም ቶሎ አይነድም" ብሎ የለመደ ሰው የጎማ ዘይት አጠገብ ሲጋራ ሲለኩስ ምን ሊገጥመው እንደሚችል አስቡት።

"ግን ቪዲዮው ላይ ዘይቱ በመጨረሻ እንደ ማር ጠርቶ ነበር" የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ነው፣ ድጋሚ ሲተን ወይም በአሲድና በሸክላ አፈር ሲታጠብ ቀለሙ ይጠራል። ቀለም ግን ኬሚስትሪ አይደለም። አብዛኛው ሰልፈር ከዘይቱ ሞለኪውል ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ቀለሙ ከጠራም በኋላ እዚያው ይቀራል። እሱን ለማውጣት ሃይድሮጅን ጋዝ፣ ከፍተኛ ሙቀትና ከፍተኛ ግፊት ያስፈልጋል። ይሄ የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካ ሥራ ነው። በርሜል አይችለውም።

ጭሱ ሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራል?

የጎማ ዘይትን ናፍታ ሞተር ላይ የሞከሩ ጥናቶች በአብዛኛው የሚስማሙበት ነገር አለ፦ ድብልቁ ውስጥ የጎማ ዘይቱ ድርሻ እየጨመረ ሲሄድ ጭሱ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱና በደንብ ያልተቃጠለው ነዳጅ ይጨምራል። እያንዳንዱን እንየው።

ብናኝ (ጥላሸት)። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጥቁር ነገር አይናችን ከሚያየው በላይ ነው። አደገኛው የማይታየው ክፍል ነው፤ ፒኤም 2.5 ይባላል። ከሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 30 እጥፍ ያንሳል። አፍንጫችንና ጉሮሯችን አያስቀሩትም። ሳንባ ጫፍ ላይ ያሉት የአየር ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል፤ በጣም ደቃቁ ወደ ደም ይገባል። ለዚህ ነው የአየር ብክለት ሳል ብቻ ሳይሆን የልብ ድካምና ስትሮክም የሚያመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በ1 ሜትር ኪዩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከ100 የዓለም ሰዎች 99ኙ የሚኖሩት ከመመሪያው በላይ የተበከለ አየር ባለበት ነው። አፋፉ ላይ ነው ያለነው ማለት ነው፤ ተጨማሪ የምንሸከምበት ቦታ የለንም።

ሰልፈር ዳይኦክሳይድ። ቅድም ያዙት ያልኳችሁ ሰልፈር ሲነድ ወደዚህ ጋዝ ይቀየራል። ጋዙ እርጥብ የአየር ቧንቧችን ላይ ሲያርፍ አሲድ ይሆናል። ጤነኛ ሰው ላይ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያስላል። አስም ያለበት ሰው ላይ ግን የአየር ቧንቧውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያጠበው ይችላል። አስም ያለባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሚኒባሱ ጥቁር ጭስ ለቆባችሁ ሲሄድ ፓፋችሁን የምትፈልጉት በከንቱ አይደለም።

ፒኤኤች። ይሄን ለመረዳት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለ የለንደን ቀዶ ሐኪም የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ላይ ደጋግሞ አንድ ዓይነት ካንሰር አየ። ካንሰሩ የዘር ፍሬ ከረጢት ቆዳ ላይ ነበር የሚወጣው። ምክንያቱ ጥላሸት ነው አለ። በ1915 ጃፓን ውስጥ ያማጊዋ እና ኢቺካዋ የጥንቸል ጆሮ ላይ የድንጋይ ከሰል ሬንጅ ለወራት ደጋግመው እየቀቡ ካንሰር እንደሚወጣ አሳዩ። በ1933 ደግሞ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከሬንጅ ውስጥ ቤንዞፓይሪን የሚባለውን ሞለኪውል ለይተው አወጡ፤ የፒኤኤች ቤተሰብ ነው። ዛሬ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች መዝገብ ውስጥ አንደኛ ምድብ ላይ ይገኛል። ልብ በሉ፦ ያ የጥንቱ ካንሰር በመተንፈስ የመጣ አልነበረም። ቆዳ ላይ በመቅረት ነው።

የናፍታ ጭስ ራሱስ? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍታ ሞተር ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ሲጋራና አስቤስቶስ ያሉበት ምድብ ነው። አንዱ ትልቅ ማስረጃ አሜሪካ ውስጥ ከ12,000 በላይ የማዕድን ሠራተኞች ላይ የተሠራ ጥናት ነበር፤ ብዙ ጭስ የተነፈሱት በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ በመደበኛው ናፍታ ነው። የጎማ ዘይት ስንጨምር እዚያ ላይ እየደረብን ነው።

ማን ነው በጣም የሚጎዳው?

ዘይቱን የሚያመርተው ሰው

ጎማ ሲሞቅ ዘይት ብቻ አይወጣም፤ ጋዝም ይወጣል። ከነዚህ ሁለቱ ሐኪም የሚፈራቸው ናቸው።

አንደኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይሄን አገራችን ውስጥ በደንብ እናውቀዋለን፤ ቤት ዘግተው ከሰል እያጨሱ ተኝተው ሳይነቁ የሚቀሩትን የሚገድለው እሱ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል።

ሁለተኛው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ከሰልፈሩ ነው የሚመጣው፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጥፎነቱ ምን መሰላችሁ? መጠኑ ሲጨምር የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል። ሰውየው "እፎይ፣ ሽታው ጠፋ" ይላል። ሽታው ሳይሆን የጠፋው አፍንጫው ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድና ታንከር ውስጥ ይተኛል። ታንከር ሊያጸዳ ወርዶ የወደቀን ሰው ሊያነሳ የገባ ጓደኛም አብሮ የሚሞተው ለዚህ ነው።

በዚያ ላይ ፍንዳታ አለ። የተደፈነ በርሜል፣ ከውስጥ የሚነድ ጋዝ፣ ከሥር እሳት። ቧንቧው በሬንጅ ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ያጣል። ገና ትኩስ ሳለ ክዳኑ ከተከፈተ ደግሞ አየር ይገባና ጋዙ በአንዴ ይቀጣጠላል። ይሄ በጓሮ ሥራ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ሥራው በስፋት በሚካሄድባት ህንድ፣ ማሃራሽትራ ግዛት ዋዳ በሚባል አካባቢ፣ በጥር ወር 2025 (እ.ኤ.አ.) የጎማ ማቅለጫ ፋብሪካ ፈንድቶ ሁለት ሴቶችና ሁለት ሕፃናት ሞተዋል። ህንድ ከውጭ የሚገባ አሮጌ ጎማ ለዚህ ሥራ እንዳይውል በ2022 ከልክላለች።

መካኒኩ

የጎማ ዘይት ሲቀመጥ ይረጋል፣ ሙጫ ይሠራል። ፊልትሮ ይደፍናል፣ ኖዝል ያበላሻል። ያ ማለት መኪናው ጋራዥ ይመላለሳል፤ የመካኒኩ እጅ ደግሞ እዚያ ዘይት ውስጥ ይውላል። መጀመሪያ የሚመጣው የቆዳ መድረቅ፣ መሰነጣጠቅ፣ ክንድና ጭን ላይ እንደ ብጉር የሚወጣ ነገር ነው። ለዓመታት ሲደጋገም ደግሞ ፖት ያየው ታሪክ አለ። በዘይት የራሰ ቱታ ቀኑን ሙሉ ለብሶ መዋል፣ የነከረ ጨርቅ ኪስ ውስጥ መያዝ፣ እጅን በናፍታ ወይም በመኪና ቤንዚን መታጠብ፣ ሦስቱም መቆም አለባቸው።

ሌላ ደግሞ አለ። ኖዝል ይረጭ እንደሆነ በጣት የሚፈትኑ ልጆች አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ከኖዝል የሚወጣው ነዳጅ ግፊቱ ቆዳን እንደ መርፌ በስቶ ይገባል። ከውጭ የምታዩት ነጥብ የምታክል ቀዳዳ ነው፣ መጀመሪያ ላይም ብዙ ላያም ይችላል። ውስጥ ግን ነዳጁ በጅማቱ ሽፋን እየተንሸራተተ እስከ መዳፍ ይሄዳል። ሰውየው "ትንሽ ነው" ብሎ ያድራል፤ በማግስቱ ጣቱ አብጦ ጠቁሮ ይመጣል። ዘግይቶ ሲመጣ ጣት እስከ መቁረጥ ይደርሳል።

ሾፌሩና ረዳቱ

ከጀሪካን ወደ ታንከር ለማዞር ላስቲክ ቱቦ በአፍ መምጠጥ የተለመደ ነው። ችግሩ ሆድ ውስጥ የገባው ብቻ አይደለም። ነዳጅ ቀጭን ስለሆነ ትን ሲል ወደ ሳንባ ይገባና ይሰራጫል። ሳንባው በኬሚካል ይቆጣል፤ ኬሚካል የሳንባ ምች እንለዋለን። መጀመሪያ ሳል፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ደረት ውጋት፣ ትንፋሽ ማጠር። ጥሬ የጎማ ዘይት ቀላል ክፍሉ ስላልወጣለት ለዚህ የበለጠ የተመቸ ነው።

ጎረቤቱ፣ ተሳፋሪው፣ ሕፃኑ

አዲስ አበባ ላይ መብራት ሲጠፋ የስንቱ ሕንፃ ጄኔሬተር ምድር ቤት ወይም የጎረቤት መስኮት ሥር እንደሚሠራ አስቡ። ያ ጄኔሬተር ላይ የጎማ ዘይት ቢጨመር የሚተነፍሰው ሰው ነዳጁን አልመረጠም፣ ትርፉንም አያይም። ሕፃናት ከአዋቂ ይልቅ ለኪሎአቸው ብዙ አየር ይተነፍሳሉ፣ ሳንባቸው ገና እያደገ ነው፣ ቁመታቸውም ወደ ጭስ ማውጫው ይቀርባል። ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ የአየር ብክለት ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ልጅ የመውለድና ያለጊዜው የመውለድ ዕድልን ይጨምራል። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ጨምሩበት። እነዚህን ሰዎች በስም ባታውቋቸውም ጎረቤቶቻችሁ ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚነሱ ጥያቄዎች

"10 በመቶ ብቻ ብደባልቀውስ?"
እስቲ አብረን እናስላው። 1 በመቶ ሰልፈር ያለውን የጎማ ዘይት 10 በመቶ ብታደርጉትና የቀረው 90 በመቶ ምንም ሰልፈር የሌለው ንጹህ ናፍታ ቢሆን እንኳ ድብልቁ በሚሊዮን 1,000 ሰልፈር ይኖረዋል። ከአውሮፓው ገደብ 100 እጥፍ ነው። መቀነሱ እውነት ነው፤ ደህና መሆኑ ግን አይደለም። ላቦራቶሪ ውስጥ በተጣራና በተለካ ዘይት የተሠራን ድብልቅ በርሜል ውስጥ ከተሠራ ዘይት ጋር እኩል ማየትም ስህተት ነው።

"ማስክ ብናደርግስ?"
የተለመደው የሕክምና ማስክ ጋዝን አያስቀርም። ካርቦን ሞኖክሳይድም ሰልፈር ዳይኦክሳይድም በእሱ ውስጥ አልፈው ይገባሉ። ማስክ አድርጎ "ተጠብቄያለሁ" ማለት ቦታው ላይ የበለጠ ያቆያል፤ ያ ደግሞ ይብሳል።

"ሜዳ ላይ ብንሠራውስ?"
የታፈነ ቤት ውስጥ ከመሥራት ይሻላል፤ ፍንዳታውን፣ ቃጠሎውንና ጎረቤት የሚደርሰውን ጭስ ግን አያስቀረውም።

"ታዲያ አውሮፓ ውስጥ ከጎማ ዘይት ያመርቱ የለ?"
ያመርታሉ። ለምሳሌ የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ፒረም በሚባል ጎማን በፓይሮሊሲስ በሚያቀልጥ ድርጅት ላይ 16 ሚሊዮን ዩሮ ሥራ ላይ አውሏል። ግን ልዩነቱን እዩ፦ ዘይቱ ለኬሚካል ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ነው የሚሆነው እንጂ በቀጥታ ሚኒባስ ውስጥ አይገባም። ጋዙ ይሰበሰባል፣ ጭሱ ይጣራል፣ ሁሉም ይለካል። ቴክኖሎጂው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ማጣሪያና መለኪያ ሳይኖረው ጓሮ ሲወርድ ነው ችግሩ።

የመጀመሪያ እርዳታ፦ ይሄን ስክሪንሾት አድርጉት

ነዳጅ የዋጠ ሰው (በተለይ ሕፃን)፦ እንዲያስመልስ አታድርጉ። ጣት አትክተቱ፣ ጨው ውሃ አትስጡ። ሲያስመልስ ነው ወደ ሳንባ የሚገባው። ወተት ወይም ዘይትም አትስጡ፤ ወተት "መርዝ ያረክሳል" የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም፣ ማስመለስን ሊያመጣ ይችላል። ነዳጅ የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ቆዳውን በሳሙናና ውሃ እጠቡ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱ። ደህና ቢመስልም ቢያንስ ለ6 ሰዓት በባለሙያ መታየት አለበት፤ ምልክቱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። የጠጣበትን ጠርሙስም ይዛችሁ ሂዱ።

በጋዝ ወይም በጭስ የታፈነ ሰው፦ መጀመሪያ የራሳችሁን ደህንነት አረጋግጡ። ጉድጓድ ወይም ታንከር ውስጥ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትግቡ፤ እርዳታ ጥሩ። ክፍል ውስጥ ከሆነ በርና መስኮት ከፍታችሁ ወደ ንጹህ አየር አውጡት። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስ ወይም ግራ መጋባት ካለ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ቡና አፍልቶ፣ ሎሚ አሽትቶ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ኖዝል የወጋው ጣት፦ ቀዳዳው የቱንም ያህል ቢያንስ፣ ባያምም፣ በዚያው ሰዓት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል። "ከፍተኛ ግፊት ያለው ነዳጅ ነው የገባው" ብላችሁ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት።

ቃጠሎ፦ የሚነደውን አጥፉ፣ የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አቆዩት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቡና አትቀቡ። በረዶም አታድርጉ።

አይን ውስጥ የገባ፦ አይኑን ከፍታችሁ በንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ ወደ ሐኪም።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ፦ ናፍታም ይሁን ነጭ ጋዝ ወይም ሌላ ነዳጅ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ሕፃን ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚያስበው ውሃ ነው። የጎማ ዘይት ጠርቶ ቢጫ ሲሆን ደግሞ ለስላሳ መጠጥ ይመስለዋል።

እና አሮጌውን ጎማ ምን እናድርገው?

ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ጎማ ጥሎ መተውም ጤና አይደለም። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1 ቢሊዮን ጎማ ዕድሜውን ይጨርሳል። ሜዳ ላይ የተጣለ ጎማ ዝናብ ያጠራቅማል፤ ያ ውሃ ዴንጊና ቺኩንጉኒያ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትወደው መፈልፈያ ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 በዴንጊ፣ በ2019 በቺኩንጉኒያ መመታቷን የሚያስታውስ ሰው የጎማ ክምርን እንደ ቀላል ነገር አያየውም።

ማቃጠልስ? እሱ ከሁሉም የባሰ ነው። በየዓመቱ ህዳር 12 ቆሻሻ ስናቃጥል ጎማም አብሮ ይነዳል። ልማዱ የመጣው በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከፈጀው የህዳር በሽታ ነው፤ ያኔ ጭስ በሽታውን ያባርራል ተብሎ ይታመን ነበር። ዛሬ በሽታው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ እንደነበር እናውቃለን። የጎማ ጭስ ቫይረስ አያባርርም፤ የተኛ አስም ግን ይቀሰቅሳል። አካባቢን ማጽዳቱ ድንቅ ባህል ነው፣ ይቀጥል፤ ጎማና ፕላስቲኩ ግን ከእሳቱ ይውጣ።

የተሻሉት መንገዶች እነዚህ ናቸው፦

- ጎማው ቶሎ እንዳያልቅ ማድረግ። ንፋሱን በየጊዜው ማስለካት፣ ጎሚስታው ጋ ሄዶ ማስጠገን፣ ጎማዎቹን ቦታ ማቀያየር።
- ሳያቀልጡ ሌላ አገልግሎት ላይ ማዋል። አባቶቻችን ከጎማ በረባሶ ሠርተው ተጫምተዋል፤ ገመድና ባልዲ ሠርተዋል። ይሄ ሁሉ እሳት አይፈልግም።
- ደጅ የሚቀመጥ ከሆነ ውሃ እንዳይቋጥር መብሳት ወይም መሸፈን።
- በብዛት ለሚሰበስብ፣ ጭሱን አጣርቶና ለክቶ ለሚሠራ ሕጋዊ ድርጅት ማስረከብ።

በመጨረሻ፣ ለተሽከርካሪና ለጄኔሬተር ባለቤቶች

- ምንጩን የማታውቁትን "ርካሽ ናፍታ" አትግዙ። ከወትሮው የጠቆረ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ወይም የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ነዳጅ ካያችሁ ተጠራጠሩ።
- መኪናችሁ በድንገት ጥቁር ጭስ ካበዛ ነዳጁንና ኖዝሉን አስፈትሹ። ጥቁር ጭስ በደንብ ያልነደደ ነዳጅ ነው፤ ለኪሳችሁም ኪሳራ ነው።
- ነዳጅ በአፍ አትምጠጡ። የእጅ ፓምፕ ዋጋው ከአንድ ቀን የሆስፒታል ወጪ አይበልጥም።
- ጄኔሬተር ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ይሥራ። ነዳጁ ምንም ይሁን ምን!
- ጋራዥ ላላችሁ፦ ለልጆቹ ጓንት፣ ሳሙናና ውሃ፣ የሚቀየር ቱታ አዘጋጁላቸው። ቱታው ከሕፃን ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብ።
- የጎማ ዘይት ስትሠሩ ወይም ስትጠቀሙ የቆያችሁ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ ሥራ ቦታ ላይ ብሶ እረፍት ቀን የሚሻል ራስ ምታት፣ የማይድን የቆዳ ቁስል ካላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱና ሥራችሁን በግልጽ ንገሩት። ሐኪም ካልተነገረው የማያገኘው ነገር አለ፤ አንዱ ይሄ ነው።

የኑሮ ውድነቱ እንደሚያስጨንቃችሁ ይገባኛል። በናፍታ ዋጋ የሚተዳደር ቤተሰብ ስላለው ሰው "ዝም ብለህ ተው" ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አንድ ሊትር የጎማ ዘይት ርካሽ የሚመስለው ቀሪው ሂሳብ በሳል፣ በአስም፣ በተቃጠለ እጅ ለሌላ ሰው ስለተላለፈ ነው። ያ ሰው የእናንተው ልጅ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ። ጋራዥ የሚሠራ፣ ከባድ መኪና የሚነዳ ወይም ጄኔሬተር ያለው ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። በተለይ የመጀመሪያ እርዳታው ክፍል አንድ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ጤናችሁ ይብዛ!